የመኪናው ናቪጌሽን ወይስ የስልክ ማፕ? ለድሬና ለሐረር የቱ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የሳቢያኑ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። በቅርቡ ያገለገለ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ትልቅ ስክሪን አለው፣ ናቪጌሽንም አለው። ግን ስከፍተው ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ ጭራሽ የለችም። ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ አንዲት ቀስት ብቻ ትዞራለች። አንድ ዴኮር ቤት ወስጄ ሳሳያቸው “8 ሺህ ብር ክፈልና የኢትዮጵያን ካርታ እንጭንልሃለን፣ የመኪና ናቪጌሽን ከስልክ ይበልጣል፣ ኔትወርክም አይፈልግም” አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ “ብርህን አታቃጥል፣ ስልክህን ከፊትህ ሰካው በቃ” ይላል።

ሥራዬ ሐረር ያመላልሰኛል፣ አንዳንዴ ጅግጅጋ፣ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ። ድሬ ውስጥ ካርታ አያስፈልገኝም፣ ተወልጄ ያደግኩባት ናት። የሚቸግረኝ ሌላ ከተማ ገብቼ የደንበኛ ቤት ስፈልግ ነው። የቱ ይታመናል? ስልኩ ላይ መንገድ ሲጨናነቅ የሚመጣው ቀይና ቢጫ እኛ አካባቢ እውነት ነው ወይ? 8 ሺውንስ ልክፈል?

ስክሪን ጠጋኝ

እንኳን ለመኪና አበቃህ ወንድሜ። እኔ አሸዋ አካባቢ የመኪና ስክሪንና ቴፕ ነው የምሠራው። ምን እንደሚጭኑልህ ሳትጠይቅ እንዳትከፍል።

ለቻይና ገበያ በተሠራ መኪና ላይ ያለው ካርታ ብዙ ጊዜ ጋውዴ ወይ ባይዱ ነው፣ የተዘጋጀውም ለእነሱ አገር መንገድ ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው መኪናው ውስጥ በተቀበረ የቻይና ሲም ስለሆነ እዚህ ሲመጣ ዝም ይላል። “ካርታውን እናድሳለን” ሲሉህ ፋብሪካው ያስገባውን ናቪጌሽን አይነኩትም፣ ሌላ አፕ በፍላሽ ይጭኑልሃል እንጂ። ብዙዎቹ ስክሪኖች ውስጣቸው አንድሮይድ ነው። የጉግል አገልግሎት ግን የላቸውም፣ ስለዚህ ጉግል ማፕ ቢጫንም ያስቸግራል። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው ጉግልን አይፈልግም። ነጻ ነው፣ ኢትዮጵያን አንዴ በዋይፋይ ካወረድክ ያለ ኔትወርክ መንገድ ይመራሃል። 8 ሺህ የሚጠይቁህ ምናልባት ለዚሁ ነው። ለድካም ትንሽ ቢቀበሉ አይከፋኝም፣ እኔም በዚሁ ነው የምበላው፣ ግን ነጻ አፕ መሆኑን ይንገሩህ።

አንዳንድ ሞዴል ላይ ከውጭ አፕ መጫን ተቆልፏል። እሱን ሳያዩ ዋጋ የሚነግሩህን ጠርጥር።

የኩሉቢ መንገድ

አቦ ስልኩን ያዝ፣ ግን ከድሬ ሳትወጣ ካርታውን አውርደህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልክህም መኪናህም ቦታቸውን የሚያውቁት ከሳተላይት ነው፣ 4 ሳተላይት ካገኙ ይበቃቸዋል። ኢንተርኔት የሚፈልገው የካርታው ሥዕልና የመጨናነቁ ወሬ ነው። ለዚህ ነው ዳታ ሲቋረጥ ቀስቷ እየሄደች መንገዱ ከሥሯ የሚጠፋው።

ጉግል ማፕ ላይ ኦፍላይን ማፕ የሚለው ውስጥ ገብተህ አካባቢውን መርጠህ አውርድ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅግጅጋ ባንዴ አልወርድ ካለህ ከፋፍለው። ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል፣ ዋይፋይ ያገኘህ ቀን አድሰው። ኦፍላይን ስትሆን ደግሞ ቀይና ቢጫው አይኖርም።

ስለ መጨናነቁ ከጠየቅከኝ፣ ወላሂ ከድሬ እስከ አዋሽ ቀለሙን ማየት ትቻለሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለኩሉቢ ገብርኤል ሕዝቡ በእግሩ አስፋልቱን ሞልቶት ነው የሚሄደው፣ ዳር ላይ የቆመው አውቶቡስ፣ ሻማ ሻጩ፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ነው፣ እዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብለህ ቀጠሮ የያዝክ እንደሆነ ራስህን ነው የምትወቅሰው። አወዳይ ደግሞ የጫት ገበያው ሲሟሟቅ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። ይኼን ሁሉ የሚነግርህ ከፊትህ የሚመጣው ሾፌር ነው፣ መብራት ሲያበራልህ ፍጥነትህን ቀንስ። ረጅም መንገድ ከመነሳትህ በፊትም መናኸሪያ ጎራ በልና ሌሊት የገቡትን ጠይቅ። መንገድ ተዘግቶ ከሆነ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚያውቁት።

ኮምፓስ

ጥሩ ተብሏል፣ ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ልጨምር። ጉግል የሚያየው ሎኬሽናቸው የበራ ስልኮች በምን ፍጥነት እንደሚጓዙ ነው። አንድ መንገድ ላይ ያሉ ስልኮች ከወትሮው ዘገም ሲሉ ቀይ ይቀባዋል። በፈረንጆቹ 2020 ላይ ሲሞን ቬከርት የሚባል የበርሊን አርቲስት 99 ያገለገሉ ስልኮች በትንሽ ጋሪ ጭኖ መንገድ ላይ እየጎተተ ሲሄድ፣ ካርታው ባዶውን መንገድ ቀይ አድርጎ አሳየ። የኛ ችግር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስልኩ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ቀለሙ ይጠቅምሃል። ደንገጎ ዳገት ላይ ግን በዚያች ደቂቃ ዳታ ያበራ ስልክ ስንት አለ? አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ቢዘጋው እንኳ ካርታው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል።

የመኪናው ናቪጌሽን ደግሞ ስለ መጨናነቅ የሚሰማው በሌላ መንገድ ነው። አውሮፓ ከኤፍኤም ሬዲዮ ጋር አብሮ የሚላክ መልእክት አለ፣ ጃፓን ቪክስ የሚባል የራሷ ሥርዓት አላት፣ አዳዲሶቹ በራሳቸው ሲም ነው። መኪናው እዚህ ሲመጣ ያንን መልእክት የሚልክለት የለም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በ2022 የስልክ ኩባንያዎቹ 3ጂን ሲያጠፉ፣ በ3ጂ ይገናኙ የነበሩ ብዙ መኪኖች አገልግሎታቸው አብሮ ቀርቷል። መኪናው ምንም ሳይሆን ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ መኪና ስንት ዓመት እንደሚነዳ ታውቁታላችሁ።

ለመኪናው ግን ሁለት ነገር ልመስክርለት። አንቴናው ብዙውን ጊዜ ጣሪያ ላይ ስለሆነ ሰማዩን በደንብ ያያል። ጥሩ ሲስተም ያላቸው ደግሞ የጎማውን ዙር እየቆጠሩ፣ መታጠፉን እየለኩ ሳተላይት ሲጠፋም ይቀጥላሉ። ዋሻ ውስጥ ስልክ ሲደናገር እነሱ አይደናገሩም። እኛ መንገድ ላይ ያ ብዙም አይገጥምህም እንጂ።

የከዚራ እናት

ሁላችሁም ስልክ ስልክ ትላላችሁ። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ስልክ የፊት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? የኔ መጀመሪያ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቀጥሎ “በጣም ሞቋል” ይልና ጥርቅም። ያውም መታጠፊያው ላይ ስደርስ። የመኪናዬ ስክሪን ግን ሞቀኝ ብሎ አያውቅም። ከዱባይ የመጣ ነው፣ ካርታው የዓረብ አገር ብቻ ስለሆነ ለኔ አይረባኝም። ልጄ ስልኩን በኬብል ከስክሪኑ ጋር አገናኘልኝ። አሁን ስልኩ ማርሽ አጠገብ ያለው ኪስ ውስጥ ጥላ ላይ ይቀመጣል፣ ካርታው ትልቁ ስክሪን ላይ ይታየኛል፣ ድምፁም በመኪናው ስፒከር ይመጣል። ለዓይኔም ተስማማኝ።

ስክሪን ጠጋኝ

እማማ እውነት ብለዋል። አፕል ራሱ አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ይላል፣ ድሬ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ጥላ ሥርም 35ን ታልፋለች። ፀሐይ ላይ፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ማፕ እየሠራ ሲሆን አስቡት።

ለጠያቂው ግን፣ እማማ ያሉት በካርፕሌይ ወይም በአንድሮይድ አውቶ ነው የሚሆነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ላይ እነዚህ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ከሌለህ ስልኩን መስታወቱ ላይ ሳይሆን የኤሲው አየር መውጫ ላይ በሚሰካ ሆልደር አድርገው። ቀዝቃዛው አየር ከጀርባው ይመታዋል፣ አይዘጋብህም።

የጁገል ልጅ

ሐረር ልትገባ ከሆነ ስማኝ። ከግንቡ ውጭ ያለው ከተማ አያስቸግርህም። ጁገል ውስጥ ግን ስልኩንም መኪናውንም አትስማቸው። እንግዳ ሾፌር ስልኩን እያየ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይገባል፣ መዞር ያቅተዋል፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ “ወደ ኋላ! ግራ ያዝ! ኸረ ግድግዳው!” ይለዋል። ለኛ የከሰዓት መዝናኛ ነው፣ ለመኪናው በር ግን አይሆንም። ካርታ ላይ መንገድ የሚመስለው አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይሄድበት ነው። በሐረር በር ገብተህ ቀጥ ብለህ ፈረስ መጋላ ድረስ ንዳ፣ እዚያ አቁም፣ የቀረውን በእግርህ።

ደንበኛህን “ቤትህ የት ነው” አትበለው፣ “ከመስጊዱ አለፍ ብሎ” ነው የሚልህ፣ የመስጊዱን ብዛት ታውቀዋለህ። በቴሌግራም ሎኬሽን ላክልኝ በለው፣ ግን ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይላክ። ግቢ ውስጥ ሆኖ ከላከው ሲግናሉ ከግንቡ እየነጠረ ነጥቡን ወዲያኛው መንገድ ላይ ሊጥልብህ ይችላል። ደርሰህ ካጣኸው ሕፃናቱን ጠይቅ።

ደግሞ ኦርጋኒክ ማፕስ ካርታውን የሚወስደው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፣ እሱን ማንም ሰው ማረም ይችላል። የምታውቁት መንገድ ተሳስቶ ካያችሁ አስተካክሉት፣ ለሚቀጥለው እንግዳ ይጠቅማል።

ደቻቱ ማዶ

አፍ እያለ ማፕ ምን ያደርጋል ባይ ነኝ እኔ፣ ባጃጅ ላይ ነው ያደግኩት። ግን ይኼን የሚያነብ እንግዳ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። በደረቅ ጊዜ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሰውም ባጃጅም ይሻገራል፣ ለማያውቅ አቋራጭ ይመስላል። ክረምት ላይ ድሬ ጠብታ ሳይወርድባት፣ ከላይ ደጋው ዘንቦ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። የ1998ቱ ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደመና ወደ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ በድልድይ ተሻገር፣ ማፑ በአሸዋው 5 ደቂቃ ትቆጥባለህ ቢልህም።

የኩሉቢ መንገድ

ደቻቱ ማዶ ልክ ነህ። ከርዕሱ ወጣ ልበልና ኮምፓስን ልጠይቀው። የወንድሜ መኪና ከአውሮፓ የመጣ አሮጌ ነው፣ ናቪጌሽኑ ላይ ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሷል፣ ብናስተካክለውም ይመለሳል። ባትሪ ነው?

ኮምፓስ

ባትሪ አይመስለኝም። የድሮው ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1,024 ብቻ ነው፣ 19 ዓመት ተኩል ግድም መሆኑ ነው። ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። የመጨረሻው በፈረንጆቹ 2019 አፕሪል ውስጥ ነበር። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ መኪና በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል። መንገድ ማሳየቱን ላያስቆመው ይችላል፣ ሰዓቱን ግን አትመኑት። ማደሻ ከፋብሪካው ካልወጣለት ሌላ መላ የለውም።

የሳቢያኑ

ኸረ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። 8 ሺውን አልከፍልም። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ወደ ሐረር ስወጣ ባትሪው ከጠበቅኩት በላይ ነው የሚወርደው። ስልኩ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው ይለኛል፣ መኪናው ደግሞ ቀሪውን ኪሎ ሜትር እየቀነሰ ያስደነግጠኛል። እዚህ ላይስ የቱን ልመን?

ኮምፓስ

እዚህ ላይ መኪናውን። ስልኩ ርቀቱን እንጂ ባትሪህን አያውቅም። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ሐረር 1,900 ግድም፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ትወጣለህ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፣ መንገዱን መጓዙን ሳይጨምር። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ሞተሩ ወደ ባትሪው ይመልስልሃል። መኪናው ቀሪውን ኪሎ ሜትር የሚገምተው በቅርቡ ከተጠቀምከው ተነስቶ ነው። ዳገቱ ላይ በጣም ዝቅ ያደርገዋል፣ ሜዳው ላይ ስትደርስ ይረጋጋል። ሐሮማያ አካባቢ ስትደርስ ያለውን ቁጥር ተመልከት፣ ዳገቱ ላይ ያለውን ተወው። ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ደግሞ ከሁለቱም ስክሪን አትጠብቅ፣ ሳትነሳ ቤትህ ሙላው፣ ሐረር የምታድርበትንም ቦታ ሶኬት እንዳለው ቀድመህ ደውለህ ጠይቅ።

ስክሪን ጠጋኝ

ፍላሽ ይዘህ ብቅ በል፣ ስክሪንህ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን በነጻ አይልሃለሁ። አርብ ከሶላት በፊት ግን አትምጣ።

የከዚራ እናት

ኤሲ ላይ የሚሰካውን ሆልደር ታይዋን ገበያ ታገኘዋለህ ልጄ። መጀመሪያ የሚነግሩህን ዋጋ አትስማ፣ ተከራከር።