ወላጅ በዊልቸር ከወሎ ሲመጡ፦ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ጥያቄ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። አባቴ ከሐይቅ ከተማ ሊጎበኙን ይመጣሉ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። የምንኖረው ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ስለሆነ ተስማሚ ቤት እስክንከራይ ድረስ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ሆቴል ልናሳርፋቸው አስበናል። በኢንተርኔት ስፈልግ የዊልቸር ምልክት የሌለው ሆቴል አላገኘሁም። ምልክቱ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አባትሽን ለማየት አበቃሽ። ምልክቱ አይበቃም። በእናቴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

እናቴ የደሴ ሰው ናት። ደሴን ታውቂያታለሽ፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገትና ቁልቁለት ናት። እናቴ ለቅሶ ወይም ሰርግ ስትሄድ የሰፈር ልጆች ወንበሩን ከነእሷ አንስተው ደረጃውን ያሳልፏታል። የሰው እጅ ስላለ ወንበሯ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሰፋ ማናችንም ለክተን አናውቅም ነበር። እዚህ አገር ግን በሩ ካላስገባት የሚያነሳት ጎረቤት የለም። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ወገቤም አይችልም።

ሆቴሉን የያዝኩት በኢንተርኔት ነው፤ «ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ» የሚለውን መርጬ ከፈልኩ። እናቴ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጥታ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በአውሮፕላን በርራ እግሯ አብጦ ደረሰች። ክፍሉን ከፍተን ስንገባ በሩ ሲንኳኳ ብልጭ የሚል መብራት አለው፣ ስልኩም ሲጠራ ይበራል። ለካ የተሰጠን ክፍል የተዘጋጀው መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ከጉልበት የሚደርስ ገንዳ ነው። እናቴ የገንዳውን ጠርዝ በእጇ ይዛ ዝም ብላ አየችው። የሱብሒ ሶላት ሲደርስ «አብሽሪ ልጄ፣ ውሃ በሆነ ነገር አምጪልኝ» አለችኝ። የወረቀት ኩባያ እየሞላሁ እየተመላለስኩ ለውዱእ አፈሰስኩላት። ምንጣፉ ራሰ። እናቴ ሰው ቤት ያቆሸሸች ያህል አፍራ በነጠላዋ ልታደርቀው ስታጎነብስ ሳይ አለቀስኩ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ትክክለኛው ክፍል ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገረኝ። ያኔ ሕጉን ባውቅ ኖሮ እንዲሁ አልመለስም ነበር። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ከመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ደግሞ ሆቴሎች የተመቹ ክፍሎቻቸው ምን ምን እንዳላቸው በዝርዝር እንዲገልጹ፣ እንዲህ ያለ ክፍል የያዘ ሰው ካለም ያንኑ ክፍል ለእሱ እንዲያቆዩለት ያዛል። ተጨማሪ ዋጋ መጠየቅም አይፈቀድም። ስለዚህ ማረጋገጫው ላይ «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» የሚል ብቻ ካለ አትቀበይ። ክፍሉ መያዙን፣ ከነሻወሩ ዓይነት፣ በጽሑፍ እንዲልኩልሽ አድርጊ።

በማግስቱ ሌላ ሆቴል ፈለግሁ። በዚህ ጊዜ የደወልኩት በዋናው የመያዣ ቁጥር ሳይሆን ራሱ ሆቴሉ ጋ ነው። ስልኩን ያነሳችውን ሴት ክፍሉ ድረስ ሄዳ እንድታይልኝ ለመንኳት፤ ሄዳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሁሉ በፊት የጠየቅኋት ስለ ሻወሩ ነበር። ገንዳ ከነመደገፊያ ብረቱም፣ ዊልቸር በቀጥታ የሚገባበት ደፍ የሌለው ሻወርም ሁለቱም «የተመቸ» ይባላሉ፤ ለአባትሽ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ርካሽ ብለሽ ትንሽ ሆቴል ብትይዢም ተጠንቀቂ፤ 50 እና ከዚያ በታች ክፍል ያላቸው ሆቴሎች እንዲህ ያለ ሻወር እንዲኖራቸው ሕጉ አያስገድዳቸውም።

የበሩ ነገር ቀላል ነው። በአዲሱ መስፈርት የተሠራ በር ሲከፈት 81 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኖረዋል። የእናቴ ወንበር ከነመንኮራኩር መግፊያው 66 ስለሆነ ያልፋል። ግን አባትሽ ገና ሐይቅ ሳሉ አንድ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር የወንበሩን ስፋት፣ ርዝመትና የመቀመጫውን ቁመት ለክቶ ይላክልሽ። ወንበሩን ለማዞር ክብ ቦታው አንድ ሜትር ተኩል ያህል መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ፤ አልጋው። ሕጉ ስለ አልጋ ቁመት ምንም አይልም። ሁለተኛው ሆቴል ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ አልጋው ግን የእናቴ ደረት ላይ ይደርሳል። የወንበሯ መቀመጫ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አልጋው ከ70 ያልፋል። አስተናጋጇን ስነግራት ሁለት ሠራተኞች መጥተው ከፍራሹ ሥር ያለውን የእንጨት ሳጥን አውጥተው ፍራሹን ዝቅ አደረጉት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ይህን አስቀድመሽ ጠይቂ።

በዚያ ሻወር እናቴ ብቻዋን ገባች። የእጅ መታጠቢያው ሥሩ ክፍት ስለሆነ ጉልበቷ ከሥሩ ይገባል፤ ውዱእዋን ማንንም ሳትጠራ አደረገች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ታጥፎ ከሚወርደው መቀመጫ ላይ ሆና በእጅ በሚያዘው ሻወር እግሯን ስታጥብ መንዙማ ስታንጎራጉር ከውጭ እሰማ ነበር። ከታመመች ወዲህ በሩን ዘግታ ስትታጠብ የመጀመሪያዋ ነው።

ፎቁን በተመለከተ ዝቅ ያለውን ጠይቂ፤ እሳት ቢነሳ ሊፍት አይሠራም። ስትገቡም እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰው መኖራቸውን አስመዝግቢ። ለመንቀሳቀስ የከተማው ባቡር፣ ሜትሮው፣ ይመቻል፤ የዋሽንግተን ሜትሮ ጣቢያዎች በሙሉ ሊፍት አላቸው። አንዳንዴ ስለሚበላሹ ግን ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ። ቡና ተቆልቶ ተፈጭቶ ይምጣላችሁ፤ ክፍል ውስጥ መቁላት የጭስ ማንቂያውን ያስጮኸዋል።

ሌላ መልስ፦ እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ጀርመን ነው። ወደዚህ ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ «ባሪየረፍራይ» (እንቅፋት የሌለበት) የሚለው ቃል ብቻውን አያስተማምንም። በግንባታ መስፈርቱ የመኖሪያ ቤት የውስጥ በር ለዚህ ደረጃ 80 ሴንቲ ሜትር፣ መዞሪያውም 120 በ120 ይበቃዋል። ለዊልቸር ሙሉ በሙሉ እንዲሆን ከተፈለገ በሩ 90፣ መዞሪያው 150 በ150 ነው። ሆቴል ስትጠይቁ «ሮልሽቱልገሬሽት» (ለዊልቸር የተመቸ) በሉ፣ ከዚያም ቁጥሩን ጠይቁ። በአሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ የሊፍቱን ውስጥ ስፋት አትርሱ፤ አጎቴን ይዤ በሩ የሚመች ሊፍት ውስጥ ወንበሩ ሳይገባ ቀርቶ አጥፈን በተራ ወጥተናል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ዛሬውኑ ለወንድሜ ደውዬ አስለካለሁ። እናትሽ እንዴት ናቸው አሁን?

መልስ፦ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፣ ደሴ ተመልሳለች። ሜትሩን ይዛው ሄደች። ቤት እንደገባች ወንድሜን የኩሽናውን በር ለካ አለችው፤ 64 ነው፣ ወንበሯ 66። ለዓመታት ከበሩ ማዶ ሆና «በርበሬ ጨምሩ» ስትል የኖረችው በሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። ወንድሜ አናጢ ጠርቶ ደፉን አስነስቶ መቃኑን አሰፋው። አሁን ጀበናውን ራሷ ትጥዳለች።