ከጋራዥ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዲዛይን፦ ለኤሌክትሪካል ምሩቅ የትኛው በር ይሻላል?

ዳዶ_12 ጠየቀ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጋራዡ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ ሥራው ግን በአብዛኛው የብልሽት ኮድ ማንበብና ዕቃ መቀየር ነው። የተመረቅኩት በኤሌክትሪካል፣ ዘርፌም ፓወር ነው። ባትሪና መቆጣጠሪያው ወደሚነደፍበት ሥራ መሻገር እፈልጋለሁ። ቢኤምኤስ (የባትሪ መቆጣጠሪያው)፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ዲሲ ለሞተሩ ወደ ኤሲ የሚቀይረው) ወይስ ቻርጀር? ለቀጣሪ የሚታይ ምን ልሥራ? «ኮርስ ውሰድ» የሚለውን ሰምቼዋለሁ፤ እባካችሁ ቁጥር ያለው መልስ ስጡኝ።

ፕሪቻርጅ፦
ቢኤምኤስ ይሻልሃል። ኢንቨርተር የሞተር መሞከሪያ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በግል ኪስ አይሞከርም። ቢኤምኤስ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

16 የኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ሴል በተከታታይ እሰር። ለምን 16? አንዱ ሲሞላ 3.65 ቮልት ነው፤ 16ቱ 58.4 ይሆናሉ፣ ከ60 ቮልት ዲሲ ወሰን በታች። አይነዝርህም እንጂ ሾርት ካደረግከው ካቻቪቴህን ያቀልጠዋል። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ የመፍቻህን እጀታ በቴፕ ጠቅልል፣ ፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ አስገባ። በተከታታይ ከማሰርህ በፊት ሁሉንም ትይዩ አድርገህ በ3.65 ቮልት ከረንቱ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ሙላቸው። ይህን ከዘለልክ ማስተካከሉን ለቢኤምኤሱ ተውክለት ማለት ነው፤ በ33 ኦም ሬዚስተር የሚያፈሰው 100 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሆነ የ5 አምፔር-ሰዓት ልዩነት 50 ሰዓት ይፈጅበታል።

ከዚያ ሆን ብለህ አበላሸው። አንዱን ቡሎን አላላና 100 አምፔር አስኪደው። ማገናኛው ላይ 1 ሚሊኦም ብቻ ቢጨመር 0.1 ቮልት ይወርዳል፣ 10 ዋትም ይሞቃል። ቢኤምኤሱ ያንን «ደካማ ሴል» ብሎ ያነበዋል። ጭነቱ ሲነሳ ሴሉ ወዲያው ከጓደኞቹ ጋር እኩል ይሆናል፤ እውነተኛ ደካማ ሴል ግን በቀስታ ነው የሚመለሰው። ስንት ደህና ሴል በላላ ቡሎን ምክንያት ተቀይሯል!

ቀጥሎ የቻርጅ መጠን ግምት። ኤልኤፍፒ ከ30 እስከ 80 በመቶ ባለው መሃል ቮልቴጁ የሚለያየው በጥቂት አሥር ሚሊቮልት ስለሆነ አምፔሩን ከመቁጠር ውጭ አማራጭ የለህም። የከረንት ሴንሰርህ 0.5 አምፔር ቢስት በ24 ሰዓት 12 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ለባለ 150 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ 8 በመቶ። ስህተቱ ሲጠራቀም፣ ሙሉ ቻርጅ ሲደረግም ሲታረም በግራፍ አሳይ። ለቀጣሪ ከሰርተፊኬት ይልቅ ይህ ግራፍ ይናገርልሃል።

ለቃለ መጠይቅ ደግሞ የፕሪቻርጅ ሒሳብ አይጥፋህ፤ ዋናው ኮንታክተር (ባትሪውን የሚያገናኘው ትልቅ ማብሪያ) ከመዘጋቱ በፊት የኢንቨርተሩን ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል መሙላት ማለት ነው። ባትሪው 400 ቮልት፣ ካፓሲተሩ 1,000 ማይክሮፋራድ፣ ሬዚስተሩ 50 ኦም ከሆነ ከረንቱ በ8 አምፔር ይጀምራል፣ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ በ0.15 ሰከንድ ወደ 95 በመቶ ይደርሳል፣ ሬዚስተሩም በእያንዳንዱ ጊዜ 80 ጁል ገደማ ይውጣል። አሽከርካሪው ቁልፉን አሥር ጊዜ ቢደጋግመውስ? ሬዚስተሩ ተቃጥሎ ክፍት ሲሆን ሶፍትዌሩ ቮልቴጁን ሳያይ ዋናውን ኮንታክተር ከዘጋ የኮንታክተሩ ከንፈር ይበየዳል።

ሦስት_ፌዝ፦
የፕሪቻርጅ ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከቻርጀር ጀምር ባይ ነኝ፣ እዚህ አገር ችግሩ ዛሬ ያለው እዚያ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች መሰኪያቸው ጂቢ/ቲ ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ2 ነው። በኤሲ በኩል ሁለቱም በ1 ኪሎኸርዝ ፒደብሊውኤም (በሚበራና በሚጠፋ ምት) ስለሚነጋገሩ ሽቦ ብቻ ያለው አዳፕተር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ምቱ በርቶ የሚቆይበት ጊዜ 27 በመቶ ገደማ ሲሆን የሚፈቀደው 16 አምፔር፣ 53 ሲሆን 32 አምፔር ነው። በዲሲ ግን ጂቢ/ቲ በካን (የመኪና ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት የሁለት ሽቦ መስመር) በሰከንድ 250 ኪሎቢት ያወራል፣ ሲሲኤስ በፒኤልሲ (ዳታን በሽቦ ላይ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሚልክ ዘዴ)። መሃል ላይ አስተርጓሚ ኮምፒውተር የሌለው የዲሲ አዳፕተር አትግዛ።

ካን ላይ ከመግባትህ በፊት ኃይሉን አጥፍተህ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለካ፦ 60 ኦም ደህና፣ 120 ከሆነ አንዱ ተርሚኔተር (የመስመሩ ጫፍ ሬዚስተር) የለም።

ተዳፋት፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ተብሎ ነው የሚነደፈው። በኢንሱሌሽን ስታንዳርዱ በአይኢሲ 60664-1 መሠረት በ3,000 ሜትር በሁለት ኃይል ባላቸው ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት በ1.14 ይባዛል፤ 8 ሚሊሜትር የነበረው 9.1 ይሆናል። በቦርዱ ገጽ ላይ ያለው ርቀት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ ጀማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ። አየሩ ስለሳሳ በቬንቲሌተር የሚቀዘቅዝ ቻርጀርም በሙሉ ኃይሉ አይሠራም።

ቁልቁለቱም ራሱን የቻለ የሙከራ ርዕስ ነው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 4.9 ኪሎዋት-ሰዓት ይለቃል። ጎሃ ጽዮን ላይ 100 በመቶ የሞላ ባትሪ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የሚመልስለትን ያንን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ቢኤምኤሱ ይዘጋዋል፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ወንድሜ፣ ይህን በሲሙሊንክ (የማስመሰያ ሶፍትዌር) ሠርተህ «በ95 በመቶ ላይ ስንት ኪሎዋት መፍቀድ አለበት?» የሚለውን መልስ። የዲዛይን ሥራ ማለት በአብዛኛው እንዲህ ያለ መስፈርት ጽፎ መፈተን ነው።

ዳዶ_12፦
ተባረኩ። አንድ ልጨምር፦ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣው) ሲበራ ብቻ የኢንሱሌሽን ኮድ (ከፍተኛ ቮልቴጁ ወደ ቦዲው ይፈሳል የሚል) የሚያመጣ መኪና ቢገጥምስ?

ፕሪቻርጅ፦
መጀመሪያ ኮምፕረሰሩን ጠርጥር፤ በተለይ ጋዝ ተሞልቶለት ከሆነ። የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር የሚፈልገው ፒኦኢ ዘይት ነው። በነዳጅ መኪና የለመድነው ፒኤጂ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ትንሽ ቅሪት ብቻ ይበቃዋል።

ሰርቪስ ፕለጉን (ባትሪውን ከመስመሩ የሚያቋርጠውን) ንቀል፣ ማኑዋሉ የሚለውን ደቂቃ ጠብቅ። ክላስ 0 የኤሌክትሪክ መከላከያ ጓንት አድርግ፣ መጀመሪያ ግን በአየር ነፍተህ ቀዳዳ ፈልግለት። ቴስተርህን በታወቀ ምንጭ ላይ ሞክር፣ መስመሩን ለካ፣ እንደገና በምንጩ ላይ ሞክር። ከዚያ የኮምፕረሰሩን ብርቱካናማ ገመድ ነቅለህ ሜገር የምታደርገው (ኢንሱሌሽኑን በከፍተኛ ቮልቴጅ የምትለካው) ገመዱንና ኮምፕረሰሩን ለየብቻ ነው፤ ባትሪው ላይ እንዳታደርገው። ዝቅተኛው ወሰን ለዲሲ 100 ኦም በቮልት፣ ማለትም በ400 ቮልት 40 ኪሎኦም ነው፤ ኤሲ ከረንት ያለበት ሰርኪዩት ከተገናኘ 200 ኪሎኦም። ደህና ኮምፕረሰር በሜጋኦም ነው የሚያነበው። ዘይቱ ከተበከለ አጥቦ መመለስ አያዋጣም፤ ኮምፕረሰሩ ይቀየራል፣ መስመሩም ይታጠባል።