የጃፓን ምርጫ፣ ሞንታርቦው እና የቀን እንቅልፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ የመጣችው እህታችን «ከጠዋት ጀምሮ መኪና በሰፈራችን እየዞረ ይጮሃል፣ አደጋ ነው እንዴ?» ብላ ለጠየቀችው፦ አይዞሽ እህቴ፣ ምርጫ ነው። ቶኪዮ የከረምን ሰዎች ለመድነው ባንልም ሰዓቱን አውቀነዋል።

ትልቁ ነገርም ሰዓቱ ነው። በሞንታርቦ መቀስቀስ የሚፈቀደው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። በማለዳ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ስሙን በትከሻው አጥልቆ፣ እጅ እየነሳ የሚቆመው እጩ ማይክ የማይዘው ለዚህ ነው። ቀኑም የተቆጠረ ነው። ለክፍለ ከተማ ምክር ቤት 7 ቀን፣ ለታችኛው ምክር ቤት 12፣ ለላይኛው ምክር ቤትና ለአገረ ገዢ 17። አጭሩ ይሻላል ብለሽ እንዳትሸወጂ። ክፍለ ከተማው ነው የሚብሰው። ለአንድ እጩ አንድ መኪና ቢሆንም እጩዎቹ በርካታ ደርዘን ስለሆኑ አንዱ ሳይርቅ ሌላው ይደርሳል።

«ለምን ስማቸውን ብቻ ይደጋግማሉ?» ላልሽው መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚሠራው የምርጫ ሕግ መኪናው እየሄደ ንግግር ማድረግን ይከለክላል። ንግግር የሚያደርግ መቆም አለበት። እየሄዱ የሚፈቀደው ስም መጥራት ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ መቀስቀስ ደግሞ ከ1925 ጀምሮ ክልክል ነው። በር ማንኳኳት ካልተቻለ የሚቀረው መንገዱ ነው። በዚያ ላይ መራጩ በአብዛኛው የታተመ ስም ላይ ምልክት አያደርግም። ባዶ ወረቀት ይሰጠውና የእጩውን ስም በእርሳስ ራሱ ይጽፋል። ስሙን ያላስታወሰ አይመርጥህም ማለት ነው። ብዙ እጩዎች ፖስተራቸው ላይ ስማቸውን በቀላሉ ፊደል፣ በሂራጋና የሚያስጽፉትም ለዚህ ነው። ሁለት እጩዎች የቤተሰብ ስማቸው አንድ ሆኖ መራጩ እሱን ብቻ ከጻፈ፣ ያቺ አንድ ድምፅ እንደየውጤታቸው ለሁለቱ ትከፋፈላለች። አስቡት! እኔ በበኩሌ በር ማንኳኳቱን ቢፈቅዱት ኖሮ ጩኸቱ ይቀንስ ነበር ባይ ነኝ።

እንደ እኔ ሌሊት ሠርታችሁ ቀን ለምትተኙ፦ ከተቻለ ከዋናው መንገድ ራቅ ባለው ክፍል ተኙ፣ የጆሮ መድፈኛም ከሱቅ ግዙ። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አጠገብ ድምፅ እንዲቀንሱ ሕጉ ያሳስባል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ያን ያህል አይጨነቅም። ለክፍለ ከተማው የምርጫ አስተዳደር ኮሚሽን ብትደውሉ በትህትና ያዳምጧችኋል። ሰዓቱ እስከተከበረ ድረስ ግን ማስቆም አይችሉም። አንድ ምክር ልጨምር፦ ሕፃን እያስተኛችሁ ከሆነ ከመስኮት እጅ እንዳታውለበልቡ። መኪናው ውስጥ ሆነው የሚቀሰቅሱት ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሴቶች ካዩዋችሁ በማይኩ ጮክ ብለው ያመሰግኗችኋል።

በነገራችን ላይ የሚጮኸው መኪና ሁሉ የምርጫ አይደለም። በክረምት ነጭ ጋዝ የሚሸጠው አለ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው አለ። ባንዲራ የሰቀለ ጥቁር መኪና ካያችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የብሔርተኞች ቡድን ነው፣ ዝም ብላችሁ እለፉት።

አሁን ለእኛ ለውጭ ዜጎች የሚያስፈልገው። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም፣ የጃፓን ዜግነት እስከሌላችሁ ድረስ በአገር አቀፍም በአካባቢ ምርጫም ድምፅ መስጠት አትችሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ለቋሚ ነዋሪዎች የአካባቢ ምርጫ መብት በሕግ ቢሰጥ ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም ብሎ ነበር። ሕጉ ግን እስካሁን አልወጣም። የውጭ ዜጋ ለፖለቲካ ገንዘብ ማዋጣት ክልክል ነው። ጎረቤታችሁ እጩ ቢሆን እንኳ ይሉኝታ ይዟችሁ ብር እንዳትሰጡ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ መቀስቀስ አይችልም፣ የእጩ መልእክት በስልኩ ማጋራትም ከዚያው ይቆጠራል። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የእጩ ፖስተር መቅደድ ደግሞ እስከ 4 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ትንንሾቹን ከዚያ ሰሌዳ አርቋቸው።

ባንመርጥም ማን ምን እንደሚል ብትሰሙ ግን ደግ ነው። የልጆች መዋያና የቆሻሻ አወጋገድ የሚወሰነው እዚያው ክፍለ ከተማ ነው። መኪናው ሲቆም ቀረብ ብላችሁ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ጃፓንኛው ከከበዳችሁ እዚህ ለጥፉትና አብረን እናነበዋለን።

እህቴ፣ የአንቺ ሰፈር ምርጫ እሑድ ነው ካልሽ ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። እሑድ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ሰኞ ደግሞ ያሸነፈው ሰውዬ ሊያመሰግን ይመጣል ብለሽ አትስጊ፣ ስሙን እየጠራ መዞር ለእሱም አይፈቀድለትም።