አሮጌ መርሴዲስ 508 ዲ ሞተርሆም፦ ጥገናው ከየት ይጀመር?

ባለ508፦

ሰላም ለሁላችሁም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራ፣ በመርሴዲስ 508 ዲ ሻንሲ ላይ የተገነባ ሞተርሆም (መኖሪያ ክፍል ያለው መኪና) በቅርቡ ገዝቻለሁ። ሞተሩ ባለአራት ሲሊንደር፣ 3.8 ሊትር ናፍጣ ሲሆን ጠዋት ያለ ብዙ ማንገራገር ይነሣል፤ ካምቢዮውም ሆነ ፍሪሲዮኑ ደህና ናቸው። የሚያሳስበኝ የመኖሪያ ክፍሉ ነው። ከሾፌሩ ወንበር በላይ ካለው አልጋ አጠገብ፣ በቀኝ በኩል ባለው የጣሪያ ማዕዘን፣ የውስጡን ግድግዳ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ በልጣፉ ላይም ጠርዙ የጠቆረ ቡናማ የውሃ ምልክት አለ። የቀድሞው ባለቤት ከውጭ በመጋጠሚያው ላይ ነጭ ሲሊኮን ደራርቦ ቀብቶበታል።

የማሻሻያ ዕቅዴ ሰፋ ያለ ነው፦ 200 አምፔር ሰዓት ሊትየም ባትሪ፣ ሁለት ሶላር ፓነል፣ ባለ2000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ)፣ በጋዝ በሚሠራው ፍሪጅ ምትክ ባለኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ በመጨረሻም አዲስ ቁም ሣጥኖች። ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለማያሠራ ኤሌክትሪኩን አስቀድሜ፣ ሌላውን እየተጓዝኩበት በሂደት ለማድረስ አስቤያለሁ። ልምድ ያላችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንዴት ታዩታላችሁ? ያ ማዕዘንስ ውስጡ ሳይከፈት ከውጭ እንደገና ቢታሸግ ይበቃው ይሆን?

አናጢው፦

ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሣ፤ አይበቃውም። በዚያ ዘመን የተሠሩ የብዙ ሞተርሆሞች ግድግዳ ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በመሐል የእንጨት ፍሬምና ፎም፣ ከውስጥ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ነው። ውሃው ጣሪያውንና ግድግዳውን በሚያገናኘው የአሉሚኒየም ሐዲድ ብሎኖች ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያም የፍሬሙን እንጨት ተከትሎ ይወርድና ከገባበት ርቆ በሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ግድግዳው በጣት የሚሰረጉድ ከሆነ የኮምፔርሳቶው ንብርብር ተለያይቷል ማለት ነው፤ ከኋላው ያለው እንጨትም አብሮት ሳይበሰብስ አይቀርም። በዚህ ሁኔታ ከውጭ ብቻ ማሸግ እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ይሆናል።

ማንኛውንም ነገር ከመክፈትዎ በፊት የእንጨት እርጥበት መለኪያ ይያዙና ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የመስኮቶቹን ዙሪያ በየስንዝሩ እየለኩ ቁጥሩን እዚያው ልጣፉ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። እስከ 15 በመቶ ድረስ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት ለሻጋታና ለመበስበስ የተጋለጠ ነው፤ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ካሳየዎት እንጨቱ መተካቱን ከወዲሁ ታሳቢ ያድርጉ። ቁጥሮቹ ሲጻፉ ውሃው የሄደበት መንገድ ካርታ ሆኖ ይታያል፤ ከፍተኛው ቁጥርም ብዙ ጊዜ ዓይን ካየው ምልክት ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ሐዲዱን ያንሡ። ብሎኖቹን ሲፈቱ ወደ አንድ ዕቃ አይጨምሯቸው፤ በወጡበት ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ ይሰኳቸው። አናቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ግን በዝገት ተበልቶ መርፌ ያከለ ብሎን ሲያገኙ ውሃው የገባበትን ቦታ አገኙት ማለት ነው። ሲሊኮኑን በተመለከተ፣ በላዩ ላይ ምንም ነገር፣ ሌላው ሲሊኮን ራሱ እንኳ፣ በወጉ አይጣበቅም፤ ስለዚህ በፕላስቲክ መፋቂያ አንድ ሳይቀር መነሣት አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ቀሪው ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል።

የበሰበሰውን እንጨት ጤናማው እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው ያውጡ፤ አዲሱን ሲያጋጥሙ ጫፍ ለጫፍ ሳይሆን በሰያፍ፣ ርዝመቱ የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል በሆነ ቁርጥ፣ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ያገናኙት። ከመዘጋቱ በፊት ክፍሉ አየር እያገኘ በደንብ ይድረቅ፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ማሞቂያ አጠገቡ ደቅኖ ማስቸኮል እንጨቱን ያጣምመዋል። ሐዲዱ ሲመለስ ሥሩ ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ የሚቀር የቢውቲል ማሸጊያ ይደረግበት፤ እያንዳንዱ ብሎንም በማሸጊያ ተነክሮ ይግባ፤ የማይዝግ ብሎን በአሉሚኒየም ላይ በባዶው ከገባ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙን ይበላዋልና። መስኮቶችዎ አክሪሊክ ከሆኑ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ አያስጠጓቸው፤ ፕላስቲኩን ያሰነጥቀዋል።

ሶላሩ መምጣቱ ካልቀረ ከዚህ ሥራ በኋላ ይምጣ። የሚያፈስ ጣሪያ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ትርጉም የለውም።

ታምቡሮ፦

አናጢው ስለ ጣሪያው ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከጣሪያውም ይቀድማል። እርጥብ ግድግዳ ያለው ሞተርሆም ሸራ ለብሶ ሊጠብቅ ይችላል፤ ወደ ሥራ ቦታው ለማድረስም ቢሆን ግን መቆም መቻል አለበት። የ508 ሞተር 85 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስላለው ብዙ ሰው «ቀርፋፋ መኪና ነው» ብሎ ፍሬኑን ይንቀዋል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑን የሚያግለው ክብደቱ ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ በዝቅተኛው መሥፈርት 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መሥፈርቱ ራሱ 155 ዲግሪን ይፈቅድለታል። ከዚያ ካለፈ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ለመኪናው የተፈቀደውን ዓይነት ዘይት ሙሉ በሙሉ ለውጠው ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት።

የላስቲክ ቱቦዎቹ ከውጭ ጤናማ መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። ያበጠ ቱቦ ግፊቱን ወደ ጎማው ያሳልፋል፣ ሲለቁት ግን አይመልስም፤ ፍሬኑም እንደያዘ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ጥቂት ይንዱና ሲቆሙ የአራቱንም ጎማዎች ማዕከል ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከበለጠ ወይ ቱቦው፣ ወይ ሲሊንደሩ፣ ወይ ኩሽኔታው ችግር አለበት። ታምቡሮውን (የፍሬኑን ከበሮ) ሲከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር እንዳይነፉት፤ የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም በፌስታል ታስሮ ይወገድ።

ጎማን በጥርሱ አይመዝኑ። የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። በጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2316 ቢል እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኙ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ በእርሱ ወደ ጎማ ቤት እንኳ አይሂዱ፤ በጭነት መኪና ያስጭኑት።

ስለ ሞተሩ ብዙ የምለው የለኝም። የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መንጃ በጥርስ እንጂ በቺንጋ ስላልሆነ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባዎት፤ ዘይት፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የራዲያተር ቱቦዎችና የቫልቭ ክፍተት ከተስተካከሉለት ረጅም ዕድሜ ያለው ሞተር ነው። ታንከሩ ለዓመታት ከቆመ ግን ሥሩ አተላ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ትርፍ ፊልትሮ ይያዙ።

ሽቦ ቀጣይ፦

የጠያቂው የኤሌክትሪክ ዕቅድ በመጠኑ ሳይጋነን አልቀረም። 200 አምፔር ሰዓት ሊትየም በ12.8 ቮልት 2560 ዋት ሰዓት ማለት ነው። መካከለኛ የኮምፕረሰር ፍሪጅ ሲሠራ ከ40 እስከ 50 ዋት ይወስዳል፤ የሚሠራውም የቀኑን ከፊል ጊዜ ብቻ ነውና በቀን 500 ዋት ሰዓት ቢያዝለት ይበቃዋል። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑና ስልኮቹ ተደምረው ከፍሪጁ አይበልጡም። በእኔ ግምት በ100 አምፔር ሰዓት ጀምሮ ለሁለተኛው ባትሪ ቦታ መተው ይሻላል። ኢንቨርተሩም እንዲሁ፦ 2000 ዋት በ12 ቮልት ሲከፈል 167 አምፔር ነው፤ ብክነቱ ሲታከልበት ወደ 185 ይጠጋል። ይህ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ኬብልና ትልቅ ፊዩዝ ይጠይቃል። ውሃ በኤሌክትሪክ ማፍላት ካላስፈለገዎት ከ500 እስከ 600 ዋት ያለው ይበቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን አሮጌው ሽቦ ነው። ከዲናሞው እስከ መኖሪያ ክፍሉ ባትሪ 6 ሜትር ርቀት ቢኖርና ሽቦው 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው 12 ሜትር ስለሚሆን፣ 20 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት በመንገድ ይጠፋል። ዲናሞው 14.2 ቮልት ቢሰጥ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.5 ነው፤ በዚህ ደግሞ የእርሳስ ባትሪ ሞላ ሊባል አይችልም። ሽቦው ወደ 16 ስኩዌር ቢያድግ ብክነቱ ወደ 0.26 ቮልት ይወርዳል። ብዙ ሰው «ባትሪዬ ሞተ» ብሎ አዲስ የሚገዛው፣ ጥፋቱ የሽቦው ሆኖ ሳለ ነው።

ሊትየም በቀጥታ ከዲናሞ ጋር መገናኘት የለበትም። የውስጥ ተቃውሞው በጣም አነስተኛ ስለሆነ ዲናሞው ያለውን ሁሉ ይስባል፤ አሮጌ ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ራሱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ይቃጠላል። በመሐል ከዲናሞው ከ20 እስከ 30 አምፔር ብቻ መጥኖ ለባትሪው የሚያሳልፍ፣ ከዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር የሚባለውን መሣሪያ ያስገቡ። ሊትየም ብረት ፎስፌት (የዚህ ዓይነት ሊትየም ባትሪ) ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መሞላት የለበትም፤ ይህን ራሱ የሚከላከል ባትሪ ይምረጡ። የእያንዳንዱ ፊዩዝ ቦታም በተቻለ መጠን ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ነው፤ ፊዩዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ከሽቦው ማዶ ጫፍ ቢቀመጥ አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ ከመግዛትዎ በፊት የሾፌሩን ክፍል የፊዩዝ ሳጥን ይክፈቱ። በዚያ ዘመን የነበሩት ሁለት ጫፋቸው ሾጣጣ የሆነ የሴራሚክ ፊዩዞች ሳይቃጠሉ በመያዣቸው ላይ ይዝጋሉ፤ መብራት የሚያደበዝዘውና መጥረጊያ የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። መያዣዎቹን አጽድተው ፊዩዞቹን ሁሉ ይለውጡ፤ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ነበልባል፦

ስለ ጋዙ ማንም ስላላነሣ ጥቂት ልጨምር። ፍሪጁ ቢወጣም ምድጃውና ማሞቂያው በጋዝ የሚቀጥሉ ከሆነ የግፊት መቆጣጠሪያው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። አሮጌ የጀርመን ሞተርሆሞች ብዙውን ጊዜ በ50 ሚሊባር የሚሠሩ ሲሆን አዲሶቹ ዕቃዎች በ30 ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው አደገኛ ነው። የፍሪጁ መስመር በባለሙያ ይደፈን፣ ከዚያም መላው መስመር በግፊት ይፈተሽ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ በወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተሠሩት ለዚሁ ስለሆነ ለብርድ ተብሎ አይደፈኑ። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያም ሳይሰቀል በውስጡ ማደር አይገባም።

ባለ508፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መለኪያውን ይዤ ግድግዳውን ዞርኩት፤ ምልክቱ ያለበት ቦታ 24 በመቶ ሲያሳይ፣ ከእርሱ በስተኋላ ባለው መስኮት ጥግ ላይ ግን 33 አገኘሁ፤ እዚያ ልጣፉ ምንም አልጠቆረም። የጎማዎቹ ቁጥርም ባለአራት አኃዝ ቢሆንም የተሠሩበት ዓመት እ.ኤ.አ. 2008 ላይ ያቆማል። እንግዲህ ፍሬንና ጎማ፣ ቀጥሎ ጣሪያ፣ ከዚያ ሽቦና ባትሪ በሚል አስተካክየዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ባትሪዎቹንና የመሣሪያ ሳጥኑን ከኋላ ባለው ትልቅ የዕቃ ማስቀመጫ ብሰበስባቸው ችግር አለው?

ታምቡሮ፦

አለው። ከኋለኛው አክስል በስተኋላ የሚቀመጥ ጭነት ኋላውን ከራሱ ክብደት በላይ ይጫነዋል፣ ፊቱን ደግሞ ያቀለዋል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3.5 ሜትር ቢሆንና 60 ኪሎ ጭነት ከፊተኛው አክስል 5 ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ፣ ኋለኛው አክስል ላይ 86 ኪሎ ገደማ ይጨመራል፤ ከፊተኛው ላይ ደግሞ 26 ኪሎ ይቀነሳል። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው ይዋልላል። ባትሪዎቹን በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ወለሉ አጠገብ ያድርጓቸው፤ እንዲያውም 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ወደ 12 ኪሎ ሲመዝን ተመሳሳዩ የእርሳስ ባትሪ 28 ኪሎ ገደማ ስለሆነ እዚያ ላይ ያተርፋሉ። ጎማ ከማዘዝዎ በፊት ውሃውንና ናፍጣውን ሞልተው፣ የሚጓዙትን ሰዎች አሳፍረው፣ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ ያስመዝኑና ከሻንሲው ታርጋ ላይ ካለው ገደብ ጋር ያስተያዩት፤ የጎማው የጭነት ደረጃ የሚመረጠው በዚያ ነው።