የ1998 ሌስ ፖል ነው የተባለ ጊታር፦ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ባለስድስት ክር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት በርካሽ ጊታር ስለማመድ ከቆየሁ በኋላ፣ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አውጥቼ ሌስ ፖል ስታንዳርድ የተባለውን፣ የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ የሚሠራውን ኤሌክትሪክ ጊታር ያገለገለ ለመግዛት ተቃርቤአለሁ። ሻጩ ጊታሩ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደተሠራ ይናገራል፤ የጠየቀኝ ዋጋ ግን ተመሳሳይ ጊታሮች ከሚሸጡበት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ገንዘብ በአስቸኳይ ስለሚያስፈልገው መሆኑን ነግሮኛል። ከጊታሩ ራስ በስተጀርባ 90728514 የሚል ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ታትሟል፤ ከቁጥሩ ሥርም በአሜሪካ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። ቀለሙ ያምራል፤ የፊቱም እንጨት እንደ ነብር ቆዳ መስመር መስመር አለው፤ ስሞክረውም ድምፁን አልጠላሁትም።

ከዚህ በፊት ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ተታልዬ ስለማውቅ ግን ልቤ አላረፈም። ሻጩ ብሎኖቹን ፈትቼ እንዳይ ፈቅዶልኛል፤ ነገ ተመልሼ ስሄድ ምን ምኑን ልመልከት?

ሰማያዊ ፍሬት

የቁጥሩ አነባበብ ከባድ አይደለም። ጊብሰን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በተጠቀመበት የባለስምንት አሃዝ አሠራር፣ የመጀመሪያውና አምስተኛው አሃዝ ዓመቱን፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ከዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ደግሞ የጊታሩን ተራ ያመለክታሉ። የእርስዎ ቁጥር የዘጠና ስምንትን 72ኛ ቀን፣ ማለትም ማርች 13 ቀን 1998ን ይሰጣል። ዘጠነኛው አሃዝ የተጨመረው በ2005 ስለሆነ የአሃዞቹም ብዛት ከዘመኑ ጋር ይስማማል። ብዙ ፎርጅድ ጊታሮች የሚጋለጡት የቀኑ ቁጥር ከ366 በልጦ ሲገኝ ነው፤ ይህኛው ያን ፈተና አልፏል። እኔ ብሆን ከዚህ በኋላ ሳላመነታ እገዛው ነበር።

የጊታር ጠጋኝ

ሰማያዊ ፍሬት ቁጥሩን ያነበበበት መንገድ ትክክል ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ሰውን ለኪሳራ ይዳርጋል። ትክክል ያልሆነ ቁጥር ጊታሩ ፎርጅድ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ትክክል የሆነ ቁጥር ግን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። አስመሳዩ ከእውነተኛ ጊታር ፎቶግራፍ ላይ አንድ ቁጥር ወስዶ በመቶ ጊታሮች ላይ ቢያትመው የሚያወጣው ተጨማሪ ወጪ የለምና። ቀለምም፣ የስም ጽሑፍም፣ በፎቶ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ እንዲሁ በቀላሉ ይቀዳል። ስለዚህ መመልከት ያለብዎት ገዢ አያየውም ተብሎ ገንዘብ ያልወጣበትን ቦታ ነው።

ከጊታሩ ራስ ይጀምሩ። ከክሮቹ ሥር ያለችው የደወል ቅርጽ ያላት ትንሽ ክዳን በሌስ ፖል ላይ የምትታሰረው በ2 ብሎን ነው፤ 3 ብሎን ካዩ ከወዲሁ ይጠንቀቁ፤ 2 ከሆነም ገና ምንም አላወቁምና ክዳኗን ይፍቷት። በውስጧ የሚገኘው አንገቱን የሚያቀናው ብረት፣ ማለትም ትረስ ሮድ፣ ጫፍ ነው። በጊብሰን ላይ የብረቱ ጫፍ ጥርስ ያለው ሆኖ ወደ ውጭ ይታያል፤ በላዩም በ5/16 ኢንች መፍቻ የሚዞር ባለስድስት ጎን የነሐስ ዳዶ ተጠምዶበታል። በአስመሳዮቹ ላይ ግን በአብዛኛው የሚያገኙት የአለን ቁልፍ፣ ማለትም ባለስድስት ጎን የብረት ዘንግ ቁልፍ፣ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ይህን ለመለወጥ የአንገቱን አሠራር ከሥሩ መለወጥ ስለሚጠይቅ አስመሳዮች ብዙውን ጊዜ አይደክሙበትም፤ በሥራዬ ላይ ከማንኛውም ምልክት ይልቅ የምተማመነውም በዚህ ነው።

ቀጥሎ ጊታሩን ገልብጠው የአንገቱን ጀርባ በደማቅ ብርሃን ይመርምሩ። የጊብሰን አንገትና ራስ ከአንድ ግንድ የተቀረጹ ናቸው፤ ራሱ ሰፋ እንዲል ብቻ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ክንፎች በኮላ ይጣበቁበታል። ራሱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ከአንድ እንጨት መቅረጹ ብዙ እንጨት ያባክናል፤ ርካሽ አምራች ግን ራሱን ለብቻው ቆርጦ በሰያፍ ይቀጥለዋል። ከራሱ አጠገብ አንገቱን በሰያፍ የሚያቋርጥ መስመር ካዩ ያ ቅጥያ ነው። በነገራችን ላይ፣ በ1970ዎቹ ጊብሰን ራሱ ሦስት እንጨቶችን ጎን ለጎን አጣብቆ የሠራቸው አንገቶች አሉ፤ የእነዚያ መስመር ግን ከአንገቱ ጋር ርዝመቱን ይዞ ስለሚሄድ ከሰያፉ ጋር እንዳያምታቱት።

ከዚያ ከኋላ ያለውን ትልቁን የፕላስቲክ ክዳን ይክፈቱ። የድምፅ ማዞሪያዎቹ ፖቴንሽዮሜትሮች 24 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ጠንካራ ዕቃዎች መሆን አለባቸው፤ በፎርጅዶቹ ውስጥ በርካሽ ሬዲዮ ውስጥ እንደሚገኙት ያሉ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ትንንሾች ይገኛሉ። ሲ ቲ ኤስ የተባለው አምራች ከሠራቸው፣ በጀርባቸው ላይ 137 የሚል የአምራቹ መለያ፣ ተከትሎትም ዓመቱንና ሳምንቱን የሚያሳይ ቁጥር ይታተማል። ከጊታሩ ዕድሜ በኋላ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ወይ ተቀይሯል ወይ ሻጩ የነገረዎት ዓመት ልክ አይደለም። ቴስተር ካለዎት ፒክአፖቹን፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ሆነው ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን፣ ይለኩ፤ በአንገቱ በኩል ላለው ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ይህ ደጋፊ ማስረጃ እንጂ ዳኛ አይደለም።

አሮጌ ሰብሳቢ

የጠጋኙን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ የምጨምረው ግን ከሌላው ወገን ያለውን አደጋ ነው። ትክክለኛ ጊታሮች በችኮላ ፎርጅድ ተብለው ሲወገዙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይህም ለባለቤቱ ከባድ በደል ነው።

ለምሳሌ ጊብሰን ለብዙ ዓመታት በፒክአፖቹ ላይ ያሰፈረው የፓተንት ቁጥር 2,737,842 ነው። ቁጥሩን የሚፈትሽ ሰው የክር መያዣ ፓተንት ሆኖ ያገኘውና «ተያዘ!» ይላል፤ የፒክአፑ ትክክለኛ ፓተንት 2,896,491 ነውና። ነገር ግን ያ የማይገጥም ቁጥር የወጣው ከጊብሰን ከራሱ ነው። በተመሳሳይም ከኋላው ክዳን ሥር ሰርኪዩት ቦርድ ስለተገኘ ብቻ ጊታሩን ፎርጅድ የሚሉ አሉ፤ ጊብሰን ግን ከ2008 ጀምሮ በብዙ ሌስ ፖሎች ላይ ሰርኪዩት ቦርድ ተጠቅሟል። የእርስዎ የ1998 ከሆነ ቦርድ ሊኖረው አይገባም፤ ያው ምልክት በአንዱ ዘመን ጊታር ላይ ጥፋት፣ በሌላው ላይ ልማድ ይሆናል ማለት ነው።

የፍሬቶቹን፣ ማለትም በአንገቱ ፊት ላይ አግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፍም ይመልከቱ። በዚያ ዘመን ሌስ ፖል ላይ በአንገቱ ጠርዝ የሚዞረው ነጭ ፕላስቲክ፣ ባይንዲንግ የሚባለው፣ የፍሬቱን ጫፍ እንደ ጥፍር ይሸፍነዋል፤ በአስመሳዮቹ ላይ ግን ፍሬቱ በፕላስቲኩ ላይ ይወጣል። ሆኖም ፍሬቶቹ የተቀየሩለት እውነተኛ ጊታርም ይህን ሽፋን ያጣልና በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ስለ ሌላው ጊታር ሠሪ ስለ ፌንደር ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ስትራቶካስተር የተባለው የፌንደር ጊታር አንገት በብሎን የሚታሰር ስለሆነ እውነተኛ አንገት ከባዕድ አካል ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ስኳየር በተባለው የፌንደር ርካሽ ጊታር አንገት ላይ የፌንደርን ስም የሚለጥፉም አሉ። እዚያ አንገቱን ፈትቶ ሁለቱንም ለየብቻ ማየት ግድ ነው።

ባለስድስት ክር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ አይቼው መጣሁ። ትንሿ ክዳን በ2 ብሎን ነው የታሰረችው፤ ስፈታት ግን ከውስጥ ያገኘሁት የአለን ቁልፍ ቀዳዳ ነው። ከራሱ በታችም ሰያፉ መስመር ጥቁር ቀለም ተቀብቶበትም ቢሆን በብርሃን ጎልቶ ይታያል። የኋላውን ክፍል ስከፍት ፖቴንሽዮሜትሮቹ ትንንሾች ናቸው፤ ምንም ቁጥር የለባቸውም። የፊቱ የነብር መስመርም ከላይ የተለጠፈ ስስ ልባጥ መሆኑን በፒክአፑ ቀዳዳ ጠርዝ በኩል አየሁት።

ሻጩን ጠርቼ አንድ በአንድ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ እሱም ከሌላ ሰው በውድ እንደገዛው ነገረኝ፤ አነጋገሩን አይቼ አመንሁት። አሁን በዋጋው አንድ አምስተኛ ልሽጥልህ ይለኛል። ለመለማመጃ ብቻ ብገዛው ጥፋት ይኖረዋል?

የጊታር ጠጋኝ

ሰውየው ራሱ ተታልሎ ከሆነ ያሳዝናል፤ እርስዎም ያዩትን በግልጽ ስለነገሩት ደግ አድርገዋል። እኔ ግን በዚያም ዋጋ ቢሆን አልገዛውም። በእንደዚህ ያሉ ጊታሮች ላይ ከስሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ አንገቱ ነው፦ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ ከሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጣመማል፤ ትረስ ሮዱም ሲዞር ምንም ሥራ የማይሠራ ሆኖ ያገኘሁባቸው ጥቂት አይደሉም። ፍሬቶቹን ማስተካከል፣ ፖቴንሽዮሜትሮቹንና የፒክአፕ መቀየሪያውን መለወጥ ሲደመርበት ወጪው የአንድ ኤፒፎን ሌስ ፖል ዋጋ ይደርሳል። ኤፒፎን ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ንብረት ስለሆነ ያንኑ ቅርጽ በሕጋዊ መንገድ፣ በራሱ ስም ይሠራል፤ እሱም በአብዛኛው የአለን ቁልፍ ቀዳዳና የሰያፍ ቅጥያ አለው፤ ነገር ግን ያልሆነውን ነኝ አይልም።

ጊታሩን ከወደዱትና መግዛትዎ ካልቀረ፣ ስም የሌለው ጊታር በሚሸጥበት ዋጋ ይግዙት፤ ከመክፈልዎም በፊት ክሮቹን አላልተው ትረስ ሮዱን ሩብ ዙር ብቻ አዙረው፣ ክሮቹን መልሰው ሲቃኙት አንገቱ መንቀሳቀሱን ይመልከቱ። ከገዙትም በኋላ ከራሱ ላይ ያለውን ስም ፍቀው ያጥፉት፤ ከእጅዎ ወጥቶ ወደ ሦስተኛ ሰው ሲሄድ ያ ሰው እንደ ሻጩ እንዳይታለል።