የዕቅድ ውይይት፦ ከቡና ተረፈ ምርት የሚበሰብስ ፕላስቲክ በባክቴሪያ ለማምረት የሚቀርብ የጋራ ምክረ ሐሳብ፣ ጅማ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በረቂቁ ሁለተኛ ክፍል ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። ረቂቁ ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ ኮሳ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚወጣውን ልጣጭ ለባክቴሪያ መኖ አድርጎ፣ ኩፕሪያቪደስ ኔካቶር በተባለችው ባክቴሪያ አማካይነት ፖሊሃይድሮክሲቡታይሬት የተባለውን የሚበሰብስ ፕላስቲክ ለማምረት ያቅዳል። ልጣጩ ወንዞችን የሚበክል በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ይመስለኛል።

የማይክሮባዮሎጂ መምህርት፦
ክቡር ጸሐፊ፣ በባክቴሪያዋ እስማማለሁ፤ በመኖው ግን አልስማማም። ይህች ባክቴሪያ ካርቦን ተትረፍርፎላት ናይትሮጅን ወይም ፎስፎረስ ሲያጥራት መራባቷን ገታ አድርጋ ትርፉን በፕላስቲክ ቅንጣት መልክ ታከማቻለች፤ ሁኔታው ከተመቻቸላት እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ደረቅ ክብደቷ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ልጣጩ ያለው ካፌይንና ታኒን ዕድገቷን ሊገታ ይችላል፤ በተጨማሪም በምርምር የተለመደችው «ኤች 16» ዝርያ፣ ዘረ መሏ ካልተለወጠ በቀር፣ ከስኳር ዓይነቶች ፍሩክቶስን እንጂ ግሉኮስን አትመገብም። በአንጻሩ ተጠጥቶ የተረፈው የቡና አተላ፣ ደርቆ ሲመዘን፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ዘይት ይይዛል፤ ከአቦል እስከ በረካ ቢፈላም ዘይቱ በውሃ ስለማይሟሟ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከአንድ ግራም ስኳር ከ0.3 እስከ 0.4 ግራም ፕላስቲክ ሲገኝ፣ ከአንድ ግራም ዘይት ግን ከ0.6 እስከ 0.8 ግራም ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ዘረ መል ወደ መለወጥ ከመሄዳችን በፊት መኖውን እንለውጥ።

የኬሚካል መሐንዲስ፦
የመምህርቷን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሆኖም አተላው ከየቡና ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰበሰብና እርጥብ ሆኖ ከዋለ የሚሻግት ስለሆነ፣ የማድረቂያ ወጪው በበጀቱ ይካተት። ፕላስቲኩን ከባክቴሪያዋ ለማውጣት ክሎሮፎርም ጥራት ያለው ምርት ቢሰጥም መርዛማ ነው፤ በረኪና ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የፕላስቲኩን ሰንሰለት ይቆራርጣል። ሁለቱም በንጽጽር ይፈተኑ። ረቂቁ «ፌስታል እንሠራለን» ማለቱም የቸኮለ ነው፤ ንጹሑ ፖሊሃይድሮክሲቡታይሬት ተሰባሪ ከመሆኑም በላይ የሚቀልጠው 175 ዲግሪ አካባቢ፣ ለመበላሸት ሲቃረብ ነው። በመኖው ላይ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ቢጨመር በሰንሰለቱ ውስጥ ቫሌሬት የተባለ ሌላ አካል ያለበት፣ ለስለስ ያለ ፕላስቲክ ይገኛል። እኔ የምመርጠው ከአፈር ጋር አብሮ የሚቀበረውን የቡና ችግኝ ማፍያ ከረጢት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተቃውሞ ካልቀረበ መኖው የቡና አተላ፣ ምርቱም የችግኝ ከረጢት ተብሎ ይስተካከላል፤ ልጣጩ ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆያል። አተላውን ማን ይሰበስባል፣ በምንስ ክፍያ? ከቡና ቤቶች ጋር የምትቀራረቡ አባላት በዚህ ላይ ጻፉልን።