የእናቴ የደም ምርመራ ውጤት፦ ታይፎይድ ነው ወይስ ሌላ?

ጠያቂ፣ ቡሬ
እናቴ 46 ዓመቷ ነው። ከወር በላይ ሆነ፣ ይደክማታል፣ ያዞራታል፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል። ትኩሳት የላትም። ወረቀቱ ላይ ያለው፦ ሄሞግሎቢን 10.4፣ ኤምሲቪ 72፣ ነጭ የደም ሴል 7,800፣ ኢኦሲኖፊል 14 በመቶ፣ ዊዳል ኦ 1፡80፣ ኤች 1፡160፣ በባዶ ሆድ ስኳር 118። ታይፎይድ ነው ተብሎ ሲፕሮ የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ታዘዘላት። የትኛውን ቁጥር ነው ማየት ያለብን?

ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ
ወንድሜ፣ ዊዳሉን (የታይፎይዱን ምርመራ) ለጊዜው ተወውና ሄሞግሎቢን፣ ኤምሲቪና ኢኦሲኖፊልን አንድ ላይ አንብባቸው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ስለሚል፣ 10.4 እኛ ዘንድ ከቆላው ይልቅ ያሳስባል። ኤምሲቪ የቀይ የደም ሴል መጠን ነው፤ የተለመደው ከ80 እስከ 100 ነው። 72 ሲሆን ሴሎቹ አንሰዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይረን (ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ሲያልቅ የሚታይ ነው።

ኢኦሲኖፊል አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው፤ በመቶኛ ብቻ አትየው። የ7,800 14 በመቶ 1,092 ነው፤ ከ500 በላይ ከሆነ በዝቷል። አለርጂና አስምም ያበዙታል፤ በባዶ እግሩ እርጥብ ማሳ ላይ ለሚውል ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመንጠቆ ትል ነው። በእግር ቆዳ ይገባል፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ሦስቱንም ቁጥሮች አንድ ላይ ሊያስረዳ ይችላል። ስለዚህ ሰገራ ይመርመሩ። በካቶ ካትዝ (የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ የሚቆጠርበት የሰገራ ምርመራ) የሚሠራ ከሆነ ስላይዱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከቆየ የመንጠቆ ትል እንቁላል ሟሙቶ ይጠፋና “ምንም የለም” ይባላል። አንድ ቀን ካልተገኘ በሌላ ቀን ይደገም።

ጤና መኮንን፣ ፍኖተ ሰላም
ዊዳል የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ድሮ ታሞ የዳነ፣ የተከተበ፣ ወባ የያዘው ሰው ሁሉ 1፡80 ወይም 1፡160 ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት በሌለበት በአንድ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት ልክ አይደለም። ክብደት የሚሰጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሲደገም አራት እጥፍ ከጨመረ ነው፤ ከዚያም የተሻለው ፀረ ባክቴሪያ ሳይጀመር የሚወሰድ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ነው። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ያዘዘውን ባለሙያ ጠይቁ። አይረን ከታዘዘ ደግሞ ከሲፕሮ ጋር አንድ ላይ አይዋጥ፣ አይረኑ ሲፕሮውን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ሲፕሮው አይረኑ ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቡናና ሻይም አይረኑን ስለሚያስቀሩት ከአጠገቡ አይጠጡ።

በዚህ ዕድሜ የወር አበባ መብዛት ራሱ ደም ያሳንሳል፤ እፍረት ሳይዛችሁ ጠይቋቸው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ጠያቂ፣ ቡሬ
እግዜር ይስጥልን። ስኳሩስ? ኤችቢኤዋንሲ ይሠራላት ተብለናል።

ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ
118 የስኳር በሽታ አይደለም፤ ግን ድንበሩ ላይ ነው። 126ና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያየ ቀን ሲገኝ ነው የሚባለው። ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ይለኩ፤ የጠዋት ቡናም ይቅር። ደሙ ተቀድቶ ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይበሉታል፣ ውጤቱም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ) ግን አሁን አይቸኮልበት፤ አይረን ያነሰው ሰው ላይ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ደም ማነሱ ከታከመ በኋላ ይሠራላቸው።